ያ ዱላ የያዘው ሰውዬ ምን ይሠራል?

ኦርኬስትራ ሲጫወት አይቶ ይህን በሆዱ ያልጠየቀ ሰው ያለ አይመስለኝም። መድረኩ ላይ 80፣ 90 ሰው ተቀምጧል። አንዱ ይገዘግዛል፣ አንዱ ይነፋል፣ ከኋላ ያለው ደግሞ ይመታል። መሀል ላይ፣ ከፍ ያለች ሣጥን መሳይ ነገር ላይ፣ አንድ ሰው ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ እጁን ያወናጭፋል። ከሁሉም መሀል ድምፅ የማያወጣው እሱ ብቻ ነው። ሲያልቅ ግን ዞሮ የሚጨበጨብለት እሱ፣ ስሙ በትልቁ የሚጻፈው የእሱ፣ ዳጎስ ያለውን ክፍያ የሚወስደውም አብዛኛውን ጊዜ እሱ። ታዲያ «ይሄ ሰውዬ ባይኖርስ?» ማለት ነውር አይደለም። ሙዚቀኞቹ ራሳቸው ይሉታል፣ ያውም እየሳቁ።

መልሱን ልንገራችሁ። ባይኖርም ይቻላል። በ1922 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጠቅሰው) ሞስኮ ውስጥ ፐርሲምፋንስ የሚባል መሪ የሌለው ኦርኬስትራ ተቋቁሞ ለ10 ዓመት ያህል ሠርቷል። አብዮቱ ገና ትኩስ ነበርና «አለቃ አንፈልግም» የሚለው ነገር ሙዚቃም ውስጥ ገባ። ኒውዮርክ ውስጥ ደግሞ በ1972 የተመሠረተው ኦርፊየስ የሚባለው አነስ ያለ ኦርኬስትራ ያለ መሪ በመጫወት ነው ስም ያወጣው። ግን ነገሩ በነፃ አይገኝም። የሞስኮዎቹ እርስ በርስ ለመተያየት ክብ ሠርተው ነበር የሚቀመጡት፣ ልምምዳቸውም ከሌላው ኦርኬስትራ በብዙ የሚበልጥ ነበር። እያንዳንዷ ነገር ውይይት ትፈልጋለቻ! «እዚህ ጋ እንፍጠን ወይስ ቀስ እንበል?» ለሚለው ጥያቄ 80 መልስ አለ። 80ውም ያስኬዳል። 80ውን ባንዴ መጫወት ግን አይቻልም። እንግዲህ መሪ ማለት በመጀመሪያ ይሄ ነው፤ ከሚያስኬዱት ሁሉ አንዱን መርጦ «በዚህ እንሂድ» የሚል ሰው።

ሌላው ምክንያት የፊዚክስ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ፈጣን ይመስላል አይደል? ከፊት የተቀመጠው ቫዮሊን ድምፅ ግን 15 ሜትር ወደ ኋላ ሄዶ ቲምፓኒ የሚባለው ትልቅ ከበሮ መቺ ጆሮ እስኪደርስ ከ0.04 ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። መቺው የሰማውን ጠብቆ ቢመታ፣ የእሱ ድምፅ ደግሞ ወደ ፊት ለመመለስ ሌላ ያን ያህል ይወስዳል፣ እኛ አዳራሽ የተቀመጥነው ሰዎች ጋ ሲደርስ ምቱ ተንጋዶ ነው የሚደርሰን። ብርሃን ግን እንዲህ አይጎተትም። ስለዚህ ከኋላ ያሉት ከጆሯቸው ይልቅ ዓይናቸውን ማመን አለባቸው፣ ዓይናቸው የሚያርፍባት አንዲት ነጥብ ያስፈልጋቸዋል። የዱላዋ ጫፍ ያቺ ነጥብ ናት። ነጭ የምትሆነውም ብዙ ጊዜ ከሩቅ እንድትታይ ነው።

ዱላዋ ግን ያን ያህል የቆየች አይደለችም። ከእሷ በፊት የነበረው ከባድ በትር ነው። ፈረንሳይ ውስጥ የንጉሥ ሉዊ 14ኛ የሙዚቃ ሹም የነበረው ዣን ባቲስት ሉሊ ረጅም በትር ይዞ ወለሉን እየደበደበ ነበር ምት የሚያስጠብቀው። በ1687 መጀመሪያ ላይ፣ ንጉሡ ከቀዶ ሕክምና ድኖ ለምስጋና የተዘጋጀ መዝሙር ሲመራ፣ በትሩን የገዛ እግሩ ላይ አሳረፈው። ቁስሉ አመረቀዘ፣ በመጋቢት ሞተ። ሰው ዳነ ተብሎ ሲጨፈር የሞተ ሰው ነው እንግዲህ። እኔ ከዚህ የከፋ የሥራ ላይ አደጋ ሰምቼ አላውቅም።

ከሉሊ በኋላ ለመቶ ዓመትና ከዚያም በላይ መምራት ራሱን የቻለ ሥራ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሃርፕሲኮርዱ (ፒያኖ የሚመስል የድሮ መሣሪያ) ላይ የተቀመጠው ሰው በራሱ ይነቀንቃል፣ ወይ የመጀመሪያው ቫዮሊን ተጫዋች በቀስቱ ምልክት ይሰጣል፣ አለቀ። ከዚያ ሙዚቃው ገዘፈ። በ1824 የቤትሆቨን 9ኛ ሲምፎኒ ቪየና ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ መድረኩ ላይ ሁለት መሪ ነበር። አንዱ ራሱ ቤትሆቨን ነው፣ ያኔ ጆሮው አይሰማም። ሌላው ሚካኤል ኡምላውፍ ነው፣ ሙዚቀኞቹም ቤትሆቨንን ትተው እሱን ብቻ እንዲከተሉ ቀድሞ ተነግሯቸዋል። ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ቤትሆቨን አልሰማም፤ ካሮሊን ኡንገር የምትባለው ዘፋኝ ናት ወደ ሰዉ ያዞረችው። ይህን ታሪክ ሁሉም ለሐዘኑ ይወደዋል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ግማሹ ነው፤ ሙዚቃውን የጻፈውና ሙዚቃውን የሚመራው ሰው ለየቅል መሆን እንደሚችሉ የታየው እዚያ መድረክ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ፈጠነ። የሙዚቃ ደራሲው ሜንደልሶን ከ1835 ጀምሮ ጀርመን ላይፕሲሽ ላይ በትንሽ ዱላ ኦርኬስትራውን ቀጥ አድርጎ ያዘ። በ1880ዎቹ ደግሞ ሃንስ ፎን ቢውሎ መጣ። ይህ ሰው ማይኒንገን የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ያገኘውን ኦርኬስትራ አሰልጥኖ፣ አሰልጥኖ፣ ጀርመንን የሚያስቀና አደረገው፣ ቀጥሎም የበርሊን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራን መራ። የሌላ ሰው ሙዚቃ በመምራት ታዋቂ መሆን የሚቻል መሆኑን ያሳየ የመጀመሪያው ትልቅ ስም እሱ ነው።

አሁን ወደ እጆቹ እንምጣ። ቀኝ እጅ ጊዜ ይቆጥራል። ባለ 4 ምት ሙዚቃ ሲሆን ወደ ታች፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ። ባለ 3 ሲሆን ታች፣ ቀኝ፣ ላይ። አሁኑኑ ሞክሩት፣ 5 ደቂቃ አይፈጅም። ሥራው ይሄ ብቻ ቢሆን ሁላችንም መሪ በሆንን ነበር።

ጉዱ ያለው ከምቱ በፊት ነው። አንድም ድምፅ ሳይሰማ መሪው እጁን ያነሳል፣ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል፣ ከዚያ ያወርዳል። በዚያች ከሰከንድ ባነሰች ማንሳት ውስጥ ፍጥነቱም፣ ጉልበቱም፣ ጠባዩም ተነግሮ ማለቅ አለበት። እጁ ለስለስ ብሎ ከተነሳ ቫዮሊኖቹ ቀስታቸውን ቀስ አድርገው ያሳርፋሉ። በቁጣ ከተነሳ ይመቱታል። ጥሩ መሪ ሲተነፍስ ነፊዎቹ ሳያስቡት አብረውት ይተነፍሳሉ።

ለዚህ የሚመች ምሳሌ የቤትሆቨን 5ኛ ሲምፎኒ ናት። ያቺ ሰው ሁሉ የሚያውቃት «ታ ታ ታ ታአአአ»። ቀላል ትመስላለች፤ መሪዎች ግን ይፈሯታል። ምክንያቱም ሙዚቃው የሚጀምረው በዝምታ ነው። የመጀመሪያዋ ቦታ ላይ አጭር ዕረፍት ተጽፋለች፣ ሦስቱ ፈጣን ድምፆች እሷን ተከትለው ይግተለተላሉ። መሪው እጁን የሚያሳርፈው እንግዲህ ምንም በሌለበት ቦታ ላይ ነው። ሙዚቀኞቹ ያቺን ባዶ ምት አይተው፣ ፍጥነቷን ገምተው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መግባት አለባቸው፤ ከዚያ በፊት የተጫወተ ነገር ስለሌለ ፍጥነቱን የሚያውቁበት ሌላ ምንም የላቸውም። እጁ ትንሽ ከተወላወለ ሦስቱ ድምፆች በረዶ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ይንኳኳሉ። ይህም አልፎ አራተኛዋ ድምፅ ላይ «በቃ እስክል ድረስ ያዙ» የሚል ምልክት አለ። ምን ያህል? መሪው ያውቃል። ከዚያ ደግሞ አቁሞ እንደገና በዝምታ ማስነሳት። ገና 10 ሰከንድ አልሞላም እኮ!

ግራ እጅ ሌላ ሥራ አለው። «አንተ አሁን ግባ»፣ «እናንተ ዝቅ በሉ»፣ «ይሄ ይዘመር»። ዓይንም ይሠራል። ለ70 ምት ያህል ዝም ብሎ ሲቆጥር የቆየ ትራምፔት ተጫዋች ሊገባ ሲል መሪው ቀና ብሎ ካየው ይበቃዋል። ግን ሕግ የለም። ከስመ ጥር መሪዎች መሀል ካራያን ዓይኑን ጨፍኖ ይመራ ነበር። ቡሌዝ ዱላ አይዝም ነበር። ፉርትቬንግለር ደግሞ ዱላው እየተንቀጠቀጠ ስለሚወርድ ምቱ የቱ ጋ እንደሆነ ማወቅ ይቸግር ነበር ይባላል፣ የሚወጣው ድምፅ ግን ያስደነግጣል። አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ትልልቅ ኦርኬስትራዎች እጁ ካረፈ በኋላ ትንሽ ቆየት ብለው ነው የሚጫወቱት። ስለዚህ ቪዲዮ ስታዩ እጁና ድምፁ አልገጠመም ብላችሁ ኢንተርኔታችሁን አትሳደቡ።

ይህ ሁሉ ግን የምናየው ነው። የማናየው ይበልጣል። መሪው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት የሚያጠፋው ስኮር በሚባለው ትልቅ ኖታ ላይ ነው። ቫዮሊን ተጫዋቹ ፊት ያለችው የራሱ መስመር ብቻ ናት። መሪው ፊት ግን ሁሉም አለ፤ ከላይ ፍሉትና ኦቦ፣ ዝቅ ሲል ሆርንና ትራምፔት፣ ቀጥሎ የሚመቱት፣ ከታች ቫዮሊን፣ ቼሎ፣ ባስ፤ 20 እና ከዚያ በላይ መስመር ተደራርቦ፣ ሁሉም ባንዴ እየሄደ። ዓይን ወደ ቀኝ ብቻ ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታችም ያነባል ማለት ነው። ላዩ ላይ ደግሞ የሚያናድድ ነገር አለ። አንዳንድ መሣሪያዎች የተጻፈላቸውንና የሚሰማውን አንድ አያደርጉም። የተለመደው ክላሪኔት ዶ ተጽፎለት ሲነፋ የሚሰማው ሲ ቤሞል ነው። ሆርኑ ሌላ። መሪው ይህን ሁሉ በጭንቅላቱ እየመለሰ፣ ፒያኖ እንኳ ሳይነካ፣ ድምፁን በዝምታ መስማት አለበት። እኔ ሙያው እውነት የሚጀምረው እዚህ ነው ባይ ነኝ፤ እጁ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ከማንበቡ ጋር መወሰን አለ። ቤትሆቨን በሜትሮኖም፣ ማለትም ምት በሚቆጥር መሣሪያ፣ የፍጥነት ቁጥር የጻፈ የመጀመሪያው ትልቅ የሙዚቃ ደራሲ ነው ይባላል። ታዲያ ጥያቄው ተዘጋ? አልተዘጋም። አንዳንዶቹ ቁጥሮች በጣም ፈጣን ስለሆኑ ለ200 ዓመት ያህል መሪዎች «ተሳስቶ ነው» እና «ተሳስታችሁ ነው» ሲባባሉ ኖረዋል። አንድ ሲምፎኒ በሁለት መሪ ብትሰሙ የደቂቃዎች ልዩነት ታገኛላችሁ። ኖታው አንድ ነው።

ከዚያ ልምምድ ይመጣል። እዚህ ጋ ነው የሰውየው ማንነት የሚታወቀው። አንድ ልምምድ ብዙውን ጊዜ የሚፈጀው ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ነው፣ በመሀሉ ዕረፍት አለ፣ ሰዓቱ ሲሞላ ሙዚቀኞቹ ይነሳሉ። ለአንድ ኮንሰርት የሚሰጠው እንዲህ ያለ ልምምድ ደግሞ ጥቂት ነው፤ አንዳንድ ቦታ ሁለት ወይ ሦስት፣ ሌላ ቦታ አራት። ስለዚህ መሪው ምኑ ላይ አቁሞ ምኑን እንደሚያልፍ ማወቅ አለበት። ራሱን የሚያስተካክል ስህተት አለ፣ ሙዚቀኛው ራሱ ሰምቶታል፣ እሱን አቁሞ መንገር ጊዜ ማባከንም ማዋረድም ነው። ሙዚቀኞች የሚጠሉት መሪ የሚያወራውን ነው። «እዚህ ጋ የጨረቃ ብርሃን ሐይቅ ላይ ሲያርፍ አስቡ» ሲላቸው ከኋላ አንዱ «ጮክ ይበል ወይስ ቀስ?» ብሎ ይጠይቃል። እነሱ የሚፈልጉት እሷን ነው፤ ጮክ ወይ ቀስ፣ ረጅም ወይ አጭር፣ ቀደም ወይ ዘግየት።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ ሥራውን ከእሱ በላይ በሚያውቁ ሰዎች ፊት ነው። ኦቦ ተጫዋቿ ያን ሲምፎኒ 50 ጊዜ ተጫውታዋለች። የ27 ዓመቱ መሪ የመጀመሪያ ጊዜው ነው። እንዴት ብሎ ነው «እንዲህ ተጫወቺው» የሚላት? ሙዚቀኞች አዲስ መሪ ገና ሲገባ በደቂቃዎች ውስጥ እንደሚለኩት ይናገራሉ፣ እኔም አምናቸዋለሁ። ካልወደዱት አያምፁም። የተጻፈውን ብቻ ይጫወታሉ። ከዚያ የከፋ ቅጣት የለም።

እንግዲህ የሙያው ትልቁ ጣጣ እዚህ ላይ ይመጣል። ፒያኖ የሚማር ልጅ ቤቱ ፒያኖ አለው፣ በቀን ለ6 ሰዓት ያህል ይለማመዳል። መሪ የሚሆነው ልጅ መሣሪያው 80 ደሞዝተኛ ሰዎች ናቸው። ማን ይሰጠዋል? መስታወት ፊት ቆሞ ቢያወናጭፍ መስታወቱ ልክም ቢሆን ስህተትም ቢሆን ምንም አይለውም። የመሪዎች ሕይወት እንዲህ ጠማማ መንገድ የሚበዛበት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ሁሉም የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፣ የሚለማመድበት ሰው።

የድሮው መንገድ ኦፔራ ቤት ነው። ፒያኖ የሚችለው ወጣት ዘፋኞችን በማለማመድ ይቀጠራል፣ ከመጋረጃ ጀርባ ምልክት ይሰጣል፣ ዋናው መሪ ሲታመም ወይ ሲሰለቸው አንድ ምሽት ይሰጠዋል። ካራያን በ1929 ጀምሮ ኡልም በምትባል ትንሽ ከተማ 5 ዓመት እንዲህ ነው የበሰለው። ጆርጅ ሶልቲ ቡዳፔስት ኦፔራ ውስጥ ለዓመታት በፒያኖ ሲያለማምድ ኖሯል፤ አይሁዳዊ ስለነበረ መድረኩን አይሰጡትም ነበር፣ በመጨረሻ በማርች 1938 የሞዛርትን የፊጋሮ ጋብቻ እንዲመራ አንድ ምሽት ተፈቀደለት፤ ያው ምሽት የሂትለር ጦር ወደ ኦስትሪያ ሊገባ ነው የሚል ወሬ የተሰማበት ምሽት ሆኖ አረፈው። ከዚያ በኋላ ስደት፣ ጦርነት። መምራት የጀመረው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው ማለት ይቻላል። ይኸው ሰው የቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራን ከ1969 እስከ 1991 መርቷል፣ በጠቅላላው 31 የግራሚ ሽልማት አግኝቷል።

ፊንላንዶች ግን ጥያቄውን ፊት ለፊት ገጠሙት። ዮርማ ፓኑላ የሚባል አስተማሪ ሄልሲንኪ በሚገኘው ሲቤሊየስ አካዳሚ ተማሪዎቹን ከመጀመሪያው ጀምሮ እውነተኛ ሙዚቀኞች ፊት ያቆማቸው ነበር፣ በቪዲዮ ይቀርፃቸዋል፣ ከዚያ ራሳቸውን ያሳያቸዋል። ራስን እንደማየት የሚያሳፍር ነገር የለም፣ የሚያስተምርም የለም። ኤሳ ፔካ ሳሎነን ከእሱ እጅ ነው የወጣው። በ1996 የተወለደው ክላውስ ማኬላም እሱ ጋ ተምሯል። የፊንላንድ ሕዝብ 5 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ነው፤ በዓለም ኦርኬስትራዎች ፊት የቆመው ፊንላንዳዊ ግን ከቁጥሩ ጋር አይመጣጠንም። ሌላው በር ውድድር ነው። ሴጂ ኦዛዋ በ1959 ፈረንሳይ ቤዛንሶን ላይ አሸንፎ ነው የታወቀው፣ ጉስታቮ ዱዳሜል በ2004 ጀርመን ባምበርግ ላይ።

ከሁሉም የሚገርመኝ በር ግን የሌላ ሰው መታመም ነው። ኖቬምበር 14 ቀን 1943 ብሩኖ ቫልተር ኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክን ሊመራ ነበር፣ ጉንፋን ያዘው። ረዳቱ የ25 ዓመት ልጅ ነው፣ ሊዮናርድ በርንስታይን። ጠዋት ተነገረው። ልምምድ የለም። ኮንሰርቱ በመላ አገሪቱ በሬዲዮ ይተላለፋል። የመጀመሪያው ሥራ ደግሞ የሹማን ማንፍሬድ ኦቨርቸር (የመክፈቻ ሙዚቃ) ነው፣ እሱም እንደ ቤትሆቨኑ አምስተኛ ከዝምታ ላይ ተነስቶ የሚገባ። ወጣ፣ መራ፣ በማግሥቱ ኒውዮርክ ታይምስ የፊት ገጽ ላይ ነበር። ከ15 ዓመት በኋላ ያው ኦርኬስትራ የእሱ ሆነ። ሳሎነንም በ1983 ለንደን ላይ የማህለርን 3ኛ ሲምፎኒ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ከሚፈጁት ረጅም ሥራዎች አንዱን፣ በሌላ ሰው ምትክ ገብቶ ነው ስሙ የወጣው። ዕድል ነው? ነው እንጂ። ግን ያን ስኮር ቀድሞ ያላነበበ ሰው ዕድሉ ሲመጣ ምን ይሠራበታል?

አንዴ ስም ከወጣ ኑሮው ሻንጣ ይሆናል። ተጋባዥ መሪ ማለት ሰኞ ወይ ማክሰኞ አርፎ፣ ልምምድ ሠርቶ፣ ሳምንቱ መጨረሻ ላይ መርቶ፣ ቀጣዩ ከተማ የሚሄድ ሰው ነው። ዋና መሪ ወይ ሙዚቃ ዳይሬክተር መሆን ሌላ ነው፤ በዓመት የተወሰኑ ሳምንታት እዚያ ይሠራል፣ ምን ሙዚቃ እንደሚቀርብ ከ2፣ 3 ዓመት በፊት ይወስናል፣ አዲስ ሙዚቀኛ ሲቀጠር ድምፅ ይሰጣል። አሜሪካ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ገንዘብ ከሚሰጡ ሀብታሞች ጋር እራት መብላትም ሥራው ነው። ይሄኛውን የሙዚቃ ትምህርት ቤት አያስተምርም።

ማን ይሾመዋል የሚለውም ከቦታ ቦታ ይለያል። ብዙ ቦታ ቦርድና አስተዳደሩ ነው። የበርሊን ፊልሃርሞኒክ ግን ሙዚቀኞቹ ድምፅ ሰጥተው ይመርጣሉ፤ አሁን ያለውን ኪሪል ፔትሬንኮን በ2015 የመረጡት እነሱ ናቸው። የቪየና ፊልሃርሞኒኮች ከ1933 ወዲህ ጭራሽ ዋና መሪ የላቸውም፣ በተጋባዥ ብቻ ነው የሚሠሩት። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በርሊን ላይ ካራያን ዛቢነ ማየር የምትባል ክላሪኔት ተጫዋች እንድትቀጠር ፈለገ፣ ሙዚቀኞቹ ድምፅ ሰጡ፣ 73 ለ4 አይሆንም አሉ። ኦርኬስትራውን ከ1955 ጀምሮ የመራ፣ በዓለም ላይ ስሙ የገነነ ሰው ነው እኮ! ግንኙነታቸው ከዚያ በኋላ አልተጠገነም። ማየርም ትታ ወጥታ በብቸኛ ተጫዋችነት ገነነች። ኦርኬስትራው በጊዜው ከሞላ ጎደል የወንዶች ነበር፤ የቪየናው ደግሞ ሴት በአባልነት የተቀበለው በ1997 ነው።

ዱላው ጋም እንዲሁ ነበር። አንቶኒያ ብሪኮ በ1930 በርሊን ፊልሃርሞኒክን መርታለች፣ ተጨብጭቦላታል፣ ቋሚ ትልቅ ኦርኬስትራ ግን ዕድሜዋን ሙሉ አላገኘችም። ማሪን ኦልሶፕ የባልቲሞር ሲምፎኒ ኦርኬስትራን ስትረከብ፣ ከትልልቆቹ የአሜሪካ ኦርኬስትራዎች አንዱን የያዘች የመጀመሪያዋ ሴት ተባለች። ያ የሆነው በ2007 ነው። መሣሪያህ ሰው ከሆነ ሰውየው «አልሰጥህም» ካለ አለቀ፤ ብሪኮ ላይ የሆነው ይሄ ነው።

ዕድሜ ግን በዚህ ሙያ እንደሌላው አያስፈራም። ስቶኮቭስኪ 95 ዓመቱ ላይ እስኪሞት ድረስ ይቀርፅ ነበር። በ1927 የተወለደው ሄርበርት ብሎምሽቴት 95ን አልፎም ተቀምጦ መርቷል። ድምፅ የሚያወጣው ሌላ ሰው ስለሆነ ጣት ቢደነዝዝ፣ ትንፋሽ ቢያጥር ቫዮሊኒስቱን ወይ ነፊውን እንደሚጥለው እሱን አይጥለውም። ትከሻ ግን ያማል፣ ልብም ይደክማል። ሞትል የተባለው መሪ በ1911 ሙኒክ ላይ የዋግነርን ኦፔራ ትሪስታን ሲመራ ወደቀና ከቀናት በኋላ ሞተ፣ ካይልበርት በ1968 እዚያው ሙኒክ፣ ያንኑ ትሪስታን እየመራ ሞተ። ሲኖፖሊ በ2001 በርሊን ላይ የቨርዲን ኦፔራ አይዳን ሲመራ፣ በ54 ዓመቱ።

አይዳ ካልኩ አይቀር ጣልያናዊውን መሪ ቶስካኒኒን ላንሳና ላብቃ። በ1886 አንድ የጣልያን የኦፔራ ቡድን ሪዮ ደ ጃኔሮ ላይ ነበር፣ መሪው ተጣልቶ ጥሎ ሄደ፣ የተተካው ደግሞ ተመልካቹ ጮኾበት ወረደ። ከቼሎዎቹ መሀል አንድ የ19 ዓመት ልጅ፣ ቶስካኒኒ፣ ሥራውን በቃሉ ያውቀዋል ተባለ፣ ገፍተው አወጡት። ስኮሩን ሳያይ አይዳን ከጫፍ ጫፍ መራ። ዓይኑ ደካማ ስለነበር ዕድሜውን ሙሉ በቃሉ ነው የመራው፣ በ68 ዓመት ሥራው ውስጥ ንዴቱን የማያውቅ ሙዚቀኛ የለም። ኤፕሪል 4 ቀን 1954 ኒውዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ ውስጥ፣ 87 ዓመቱ ነው፣ በሬዲዮ በቀጥታ እየተላለፈ ዋግነርን ሲመራ ድንገት ጠፋበት። እጁ ቆመ። ሙዚቀኞቹ ግን አላቆሙም፤ ዋናው የቼሎ ተጫዋች ከተቀመጠበት ለባልደረቦቹ ምልክት እየሰጠ ሙዚቃውን ለማቆየት ሞከረ። የሬዲዮ ሰዎቹ ደንግጠው ለትንሽ ጊዜ በሸክላ የተቀዳ ብራምስ አስገቡ። ቶስካኒኒ ተመልሶ ያዘው፣ የቀረውንም ጨረሰ፣ ከዚያ ጭብጨባውን ሳይጠብቅ ወርዶ ሄደ።